ኦርኬስትራ፣ ኪነት፣ ሰሞን፦ የጥቂት የሙዚቃ ቃላት ታሪክ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ለሌላ ጥናት ወደ እንጅባራ ሄጄ ሳለ፣ አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት በሥነ ጥበብ ማስተማሪያ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ ያሰመረችበትን ዐረፍተ ነገር አሳየችኝ። ዐረፍተ ነገሩ «ኦርኬስትራ ማለት የክር፣ የትንፋሽና የምት መሣሪያዎችን በአንድ መሪ ሥር ሆነው የሚጫወቱ የብዙ ሙዚቀኞች ስብስብ ሲሆን፣ በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ክላሲካል ኮንሰርቶችን ያቀርባል» ይላል። መምህርቷ ይህን ወደ አዊኛ መልሳ ለልጆቹ ማስረዳት ነበረባት። «ጋሼ፣ ኦርኬስትራውን እንዳለ እተወዋለሁ፤ እኔን የቸገረኝ ወቅቱ ነው» አለችኝ። ልጆቹን በአማርኛ «ወቅት ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ አንዱ «ዝናብ የሌለበት ጊዜ» ብሎ መልሶላታል። ክረምቱ በሚከብድበት በእንጅባራ ለሚያድግ ልጅ ይህ የሚያስነቅፍ መልስ አይደለም።

እኔ ግን የደነገጥሁት በሌላ ምክንያት ነበር። ዐረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀሁት የኪነ ጥበብ ቃላት ዝርዝር ውስጥ፣ የውጭ መዝገበ ቃላት ከፊቴ ዘርግቼ የጻፍሁት ብያኔ ነበር። ለላይፕሲግ ወይም ለቪየና ነዋሪ ብያኔው ትክክል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ግማሹን ይነግረዋል፤ የቀረውን ግማሽ፣ ይኸውም ቃሉ በአገራችን ሰው አፍ የኖረውን ኑሮ፣ ጨርሶ ይዘለዋል። በዚህ ጽሑፍ ያንን የተዘለለውን ግማሽ ለመመርመር ይሞከራል።

በመጀመሪያ የቃሉን ምንጭ እንመልከት። ኦርኬስትራ በግሪክኛ መጨፈር፣ ማሸብሸብ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የጥንቱ ትርጓሜው የሰዎች ስብስብ ሳይሆን ቦታ ነበር፤ በጥንቱ የግሪክ ቴአትር በመድረኩና በተመልካቹ መካከል ያለው፣ መዘምራኑ እየዘመሩ የሚያሸበሽቡበት ሜዳ ማለት ነው። አውሮጳውያን የኦፔራ ቤቶችን ሲሠሩ መሣሪያ ተጫዋቾቹን ከመድረኩ ፊት ለፊት ዝቅ ባለው ስፍራ ስላስቀመጧቸው፣ የስፍራው ስም ቀስ በቀስ ወደ ሰዎቹ ተላለፈ። ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ወዲያው አንድ ነገር ሳይታወሰው አይቀርም። በክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የውጭው ዙሪያ «ቅኔ ማሕሌት» ይባላል። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ትይዩ ቆመው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ በከበሮ እየታጀቡ የሚዘምሩበትና የሚያሸበሽቡበት ቦታ ነው። በግሪኩ የቦታው ስም ለሰዎቹ ሲሆን፣ በእኛ ደግሞ የዜማው ስም ለቦታው ሆኗል። (በነገራችን ላይ፣ ቃሉ በግዕዝ «ዘፈነ፣ ዘመረ» ከሚለው «ሐለየ» ስለሚወጣ በሐመሩ «ሐ» መጻፍ ይገባዋል፤ በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፈው «ኀለየ» ማሰብ ነው። ዛሬ የሚበዛው ማኅሌት ብሎ ጸሐፊ በፊደሉ ዘፈኑን ትቶ ሐሳቡን እንደያዘ ልብ አይለውም።)

ታዲያ ለምን ኦርኬስትራን «ማሕሌት» ብለን አልተረጐምነውም? ሐሳቡን ለሙያ ባልደረቦቼ አንሥቼው አውቃለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ ማሕሌት ሥራ ላይ ያለ ቃል ነው። በየሳምንቱ የሚያገለግለውን ቃል ከባለቤቱ ነጥቆ ለሌላ መስጠት ሁለቱንም ማጉደል ይሆናል። ሌላም የሚያስቅ ችግር አለው። በማሕሌት ሥርዐት መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ የሚባሉ ሹመቶች ስላሉ የኦርኬስትራውን ማዕረጎች በእነርሱ ለመጥራት ያጓጓል፤ ነገር ግን በኦርኬስትራ ከሁሉ የሚከበረው የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች የሚቀመጠው ከመሪው በስተግራ ነው። ቀኝ ጌታን በግራ ማስቀመጥ ለአንድ የቃላት ኮሚቴ ብዙ ስብሰባ ያስፈልገዋል።

ቃሉ ወደ አማርኛ የገባበትን መንገድ ስንከተል የምናገኘው የናስ መሣሪያዎችን ታሪክ ነው። ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የቤተ መንግሥት ክብር መግለጫ ሆነው በቆዩበት አገር፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የናስ ነፊ መሣሪያዎች ከነአስተማሪያቸው መጡ። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ በታሪክ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነርሱ ናቸው። እስከ 1967 ዓ.ም. ያገለገለውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ይኸው ናልባንዲያን ነበር። በዚህ ዘመን የነበሩት ስሞች «ማርሽ» እና «የሙዚቃ ክፍል» ናቸው፤ ሁለቱም ወታደራዊ ሽታ አላቸው። ማርሽ ኋላ በመኪናም ላይ ሠልጥኗል።

እዚህ ላይ አንድ ያልተወለደ ቃል መጥቀስ ይገባል። በጣልያንኛ የነፊዎች ጓድ «ባንዳ» ይባላል። ብዙ የሙያ ቃላትን፣ ለምሳሌ ኖታን፣ ከዚያ ወገን እንዳገኘን ሁሉ ይህም ሊገባ ይችል ነበር። ገብቷልም፤ የገባው ግን በሌላው ትርጓሜው ነው። ያው ቃል በጣልያንኛ ያልተደራጀ የጦር ጭፍራ ማለትም ስለሆነ፣ ከጠላት ጋር ተሰልፎ ወገኑን የወጋ ሁሉ በአማርኛ ባንዳ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሙዚቀኛን ባንዳ ብሎ የሚጠራ ስላልተገኘ፣ ከእንግሊዝኛው «ባንድ» ተወሰደ። አንድ ሥር በአማርኛ በሁለት በር ገብቶ፣ ባንዱ የተናቀ፣ ባንዱ የተወደደ ሆነ።

ኦርኬስትራ የሚለው ስም የገነነው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1936 ዓ.ም. ገደማ የመጣው የፖላንድ ተወላጁ ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በካይሮ የተማሩት ከእርሱ ዘንድ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር፣ ከእርሱም በኋላ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የቤቱን ሙዚቃ መሩ። የእነዚህ ሰዎች አሳብ ኦርኬስትራን በአውሮጳው ትርጓሜ ማቋቋም እንደነበረ ጥርጥር የለውም። ሕዝቡ ግን በቃሉ ሌላ ነገር ሰማበት። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የምድር ጦር ኦርኬስትራ ሲባል በሬዲዮ አድማጩ ጆሮ የሚመጣው ጥላሁን ገሠሠ ነው፤ ማሕሙድ አሕመድ ነው፤ ሒሩት በቀለ ናት። ኦርኬስትራ ማለት ከዘፋኙ ጀርባ በወግ ለብሶ የተሰለፈ፣ ሳክስፎንና ትራምፔት የጐላበት፣ ዘመናዊ ዘፈን የሚያጅብ ጓድ ማለት ሆነ። ይህ የትርጓሜ ለውጥ በእኔ ዝርዝር ውስጥ አንድም መስመር አላገኘም። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው ሊሠራቸው ከሚችላቸው ጥፋቶች ይህን የሚያህል የለም ባይ ነኝ፤ ሰው የሚለውን ትቶ ሊል ይገባው ነበር የሚባለውን መጻፍ።

የክር መሣሪያዎቹ ኦርኬስትራም ቢሆን ፈጽሞ አልተረሳም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ ራሱ እየመራ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰቱን አስቀርጿል። ርእሱን ላስተዋለ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ቫዮሊን መካከል የቆመው የአገሩ እረኛ ነው። ድርሰቱ በተሟላ ኦርኬስትራ ለመቀረጽ ሀንጋሪ ድረስ መሄዱ ብዙ ይናገራል።

ለቃላት ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በሌላ ወገን የተነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ፣ ከተለያዩ ብሔረሰቦች የመጡ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ስሙን ራሱን ተመልከቱት፦ አማርኛ «የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ» ይላል እንጂ ባለቤቱን ከኋላ አያስከትልም። አሰካኩ የባዕድ ነው፤ ሆኖም ለጆሮ ስለጣመ ማንም አልነቀፈውም።

ይህ ስብስብ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደነበረ የሚያውቀው መሣሪያዎቹን የሚያውቅ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ ነው፤ የክራር ተጫዋችም እንዲሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን የምንጠራቸው ቅኝቶች በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ይወስናሉ እንጂ መነሻው የት እንደሚሆን አያዝዙም። ዋሽንት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ሊቃኝ ስለማይችል፣ ባለዋሽንት ብዙ ዋሽንት ይይዛል። እምቢልታ ጣት የሚከፍተውና የሚዘጋው ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ስለሆኑ ዜማው የሚሟላው ሌሎቹ ነፊዎች በየተራቸው ሲሞሉለት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድነት ለማጫወት አንድ የጋራ መነሻ ድምፅ ያስፈልጋል። በአውሮጳ ኦርኬስትራ ያን ድምፅ ከኮንሰርቱ በፊት ኦቦ የተባለው መሣሪያ ይሰጣል፤ ሌሎቹ ተከትለው ይቃኛሉ። «ቃኘ» የሚለው ቃላችን ለዚህ ያለ አንዳች ጭማሪ ይበቃል፤ እንዲያውም አካባቢን መሰለል፣ አስቀድሞ ማየት የሚል ትርጓሜም ስላለው ከባዕዱ ይልቅ ይገልጸዋል። በዝርዝሬ ውስጥ «ማስተካከል» ብዬ የተረጐምሁት እኔ ነኝ።

ከኤል ዳብ በኋላ አሜሪካዊው ጆን ኮ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራውን መርተዋል። ማሲንቆ የተማረው አሜሪካዊ ቻርልስ ሰተን በረዳበት ጉዞ፣ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 «ብሉ ናይል» በሚል ስም በአሜሪካ ከተሞች ዞሮ አሳይቷል። ወንዙ ከአዊ ምድር አጠገብ ከግሽ ዓባይ እንደሚነሣ እዚያ ከተቀመጠው አድማጭ ስንቱ ያውቅ እንደነበረ እንጃ። ኦርኬስትራው እ.ኤ.አ. በ1975 ተበተነ። ተስፋዬ ለማ ከዚያ በኋላ በስደት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አርፏል። «ኦርኬስትራ» የሚለው ቃል የአገር መሣሪያዎችን ስብስብ እንዲጨምር ያደረገው ይህ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ የእኔ ብያኔ ይህንንም አላወቀም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ቃሉ ራሱ ወደ ዳር ተገፋ። በምትኩ «ኪነት» መጣ። «ኪን» በግዕዝ ጥበብ፣ ብልሃት ማለት ነው፤ «ኪነ ጥበብ» ከሚለው ጥምር ተቆርጦ በራሱ የቆመው ኪነት የተቋም ስም ሆነ። የቀበሌ ኪነት፣ የአውራጃ ኪነት፣ የክፍለ ሀገር ኪነት ተባለ። በወሎ ላሊበላ፣ በጐንደር ፋሲለደስ፣ በጐጃም ግሽ ዓባይ የተባሉት የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገራቸው የታወቁ ነበሩ። የዛሬው የአዊ ዞን በዚያን ጊዜ በጐጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ስለነበረ፣ የእንጅባራና የዳንግላ ሰው «የክፍለ ሀገራችን ኦርኬስትራ» ሊለው የሚችለው ቡድን ቢኖር ግሽ ዓባይ ነበር። በልጅነቴ የሰማሁትን የሙዚቃ ጓድ ሁሉ የማውቀው በኪነት ስም ነው፤ «ኪነት ገባ» ከተባለ «በቡድኑ ተቀጠረ» ማለት ነበር። የኪነቱ የዓመት መርሐ ግብር በአብዮቱ በዓላት ይመራ ነበር፤ መስከረም 2 ይመጣል፣ ሚያዝያ 23 ይከተላል። ሥርዐቱ ሲወድቅ ቃሉም አብሮ ወደቀ፤ በብዙ ቦታ «የባህል ቡድን» ተተካለት። የወደቀው ግን በፖለቲካው እንጂ በቃልነቱ አልነበረም፤ አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ለመሣሪያውም ለዘፈኑም ለጭፈራውም ይበቃል። ጊዜው ሲርቅ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። «ጓድ»ም በዚያው ዘመን የደረሰበትን አንባቢ ያስታውሳል።

«ክላሲካል» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። «ጥንታዊ» ቢሉት ትናንት የተደረሰውን ያስቀራል፤ «ረቂቅ ሙዚቃ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለጆሮ ያማረ ነው፣ ነገር ግን «ረቂቅ ሕግ» ማለት ገና ያልጸደቀ ሕግ በሆነበት ጊዜ፣ ሰሚው ገና ያላለቀ ሙዚቃ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ባዕዱ ቃል ይቆይ።

አሁን መምህርቷን ወደቸገራት «ወቅት» እንመለስ። የኮንሰርት ወቅት የሚባለው ነገር በአውሮጳ የተወለደው ከገበያ ነው። በላይፕሲግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1743 ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ለዐሥራ ስድስት ሙዚቀኞች የኮንሰርት ማኅበር አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1781 ወደ ጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ስለተዛወሩ ኦርኬስትራው እስከ ዛሬ ጌቫንትሃውስ፣ «የልብስ ቤት» ይባላል። የአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ሙዚቀኞችን ቀጥሮ ለማኖር መዋጮው አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት፤ መዋጮ የሚከፍል ሰው ደግሞ ምን እንደሚሰማና መቼ እንደሚሰማ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ከመከር ጀምሮ እስከ ጸደይ ማብቂያ የሚዘልቅ፣ ዝርዝሩ አስቀድሞ የተነገረ ተከታታይ ኮንሰርት የመጣው ከዚህ ነው። ስለሆነም ቃሉ የአየር ጠባይን ሳይሆን የተራ ቃል ኪዳንን ያመለክታል።

ይህን ከተረዳን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌተ ጽጌ ይቆማል። የትኛው ሌሊት ምን እንደሚዜም በሥርዐት የታወቀ ነው፤ ሰሚውም ቀኑን ቈጥሮ ይመጣል። ተከታታይ፣ የተወሰነ፣ አስቀድሞ የታወቀ፤ ብያኔው ከፈለገው የጐደለ የለም። ታዲያ «ዘመን» እንበለው? «ዘመነ ኮንሰርት» ማለት ግን ከ«ዘመነ መሳፍንት» ጋር ተቀምጦ አንዳች የሚያስፈራ ነገር ይመስላል።

ለመምህርቷ ያቀረብሁላት ቃል «ሰሞን» ነው። ሰሞን የግዕዙ «ሰሙን» ነው፤ ሥሩ ስምንት ቁጥር ሲሆን ሳምንት ማለት ነበር። በአማርኛ ግን ሰፍቶ «የሠርግ ሰሞን»፣ «የመከር ሰሞን» እንላለን፤ አንድ ዐይነት ነገር ደጋግሞ የሚደረግበት ጊዜ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው የቤተ ክህነቱ «ሰሞነኛ» ነው። ሰሞነኛ ማለት አገልግሎቱ ተራው የደረሰው ካህን ነው። አገልጋዮች በተራ የሚሰለፉበት፣ ተራውም አስቀድሞ የታወቀበት ጊዜ፤ የላይፕሲግ ነጋዴዎች የፈለጉት ይኸው ነው። «የኮንሰርት ሰሞን» ቢባል ልጆቹ ዝናብን እንደማያስቡ ተስማማን። ቃሉ ሲነገር የኖረ ነው፤ እኔ አልፈጠርሁትም፤ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊትም በአፌ ነበረ።

ይህ ግን የአማርኛው መፍትሔ ነው። መምህርቷ የምታስተምረው በአዊኛ ነው። አዊኛ የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ነው፤ ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የግሥ ሥርዐት ጥናቱ በድምፅ ከፍታ ትርጓሜን እንደሚለይ አሳይቷል፤ እርሱ ሦስት ከፍታዎችን ሲቈጥር፣ በኋላ የተነሡ አጥኚዎች ወደ ሁለት ዝቅ አድርገዋቸዋል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ለአፍንጫማው የትናጋ ድምፅ «ጘ» ተጨምሮለታል፤ ከፍታው ግን በጽሕፈት አይታይም። የቃሉ ዜማ ራሱ ትርጓሜ በሚለይበት ቋንቋ፣ ለሙዚቃ ትምህርት የሚሆን ቃል ከአማርኛ ቃል በቃል እየተገለበጠ መግባቱ ሊያሳስበን ይገባል። እኛ ኦርኬስትራን ከውጭ ስንቀበል ያደረግነውን፣ አሁን አዊኛ ከእኛ ዘንድ እንዲያደርገው እየጠየቅነው ነው።

በዚያው ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር ሜዳ ወጣሁ። ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ፣ ጐፈሬውና ጭራው ተበጥሮ ያልፋል። በሕዝቡ መካከል አንድ ባለማሲንቆ ቆሞ ነበር። የማሲንቆው ክርም የደጋኑ ክርም የፈረስ ጭራ ነው፤ በአውሮጳ ኦርኬስትራ ውስጥ የሚታዩት የቫዮሊኖች ደጋኖች ሁሉ የሚወጠሩትም በዚሁ በፈረስ ጭራ ነው። በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ «መሰንቆ» ሲባል በጣት የሚመታው የክር መሣሪያ እንደነበረና፣ ስሙ ኋላ ወደዚህ ወደ ደጋኑ መሣሪያ እንደተሻገረ ላጫውተው ብል ብዙም አልሰማኝ፤ እጁ ሥራ ላይ ነበር። እኔም የመሣሪያውን ክፍሎች ስም በአዊኛ እንዲነግሩኝ በአጠገቡ የቆሙትን አንድ አባት ጠየቅሁ። እርሳቸው ይናገራሉ፣ መምህርቷ ከፍታውን እየለየች ትደግማለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ደጋኑ ላይ ስንደርስ ፈረሶቹ መጡና ተበተንን።

ዝርዝሩን ዳግመኛ ሳዘጋጅ ኦርኬስትራ ለሚለው ቃል በአማርኛ ሦስት ትርጓሜ በቁጥር ለይቼ ጽፌያለሁ፦ አንደኛ ዘመናዊ ዘፈን የሚያጅብ ጓድ፣ ሁለተኛ የአገር ባህል መሣሪያዎች ስብስብ፣ ሦስተኛ የአውሮጳው። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ለአዊኛው የተተወው ዓምድ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ስድስት ቃላት አሉት፣ ሁሉም የማሲንቆ። የቀሩትን መምህርቷ ተማሪዎቿን ወደየአያቶቻቸው ልካ እያሰበሰበች መሆኑን በቅርቡ ጽፋልኛለች።